መኪናችሁ ወደ አንድ ጎን ይስባል?

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ለማሠራት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የጎማ ንፋስ ለኩ፤ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ። መኪና ብዙ ጊዜ ንፋሱ ወደቀነሰው ጎማ ነው የሚያደላው።

ንፋሱ እኩል ሆኖም ከሳበ፣ የፊት ጎማዎቹን ቀኝና ግራ አቀያይሩ (የመዞሪያ ቀስት ያለበት ጎማ ግን አይቀያየርም)። አሁን ወደ ሌላኛው ጎን ከሳበ ጥፋቱ የጎማው ነው። ይቺን ሙከራ በጣም እወዳታለሁ፤ ከስንት ከንቱ ወጪ ታድናለች! ምንም ካልተለወጠ ያኔ አላይመንት አሠሩ።

ፍሬን ስትይዙ ከባሰበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትንሽ ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጉ። የአንዱ ሙቀት ከሌላው በጣም ከበለጠ ፍሬኑ ይዞ አልለቅም ብሏል ማለት ነው። ይሄን አታሳድሩት፤ በቀስታ እየነዳችሁ በቀጥታ ወደ ጋራዥ።