ቶርኖ ቤት ከመምጣታችሁ በፊት፦ ሮቦት ሠሪ ተማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ኩሽኔታ ሳትገዙ ቀዳዳ አታስቦርቡሩ። ይህን ከሁሉ የማስቀድመው፣ ውድድር በቀረበ ቁጥር ደሜን የሚያፈላው እሱ ስለሆነ ነው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ከኪቶ ፉርዲሳ በባጃጅ ይመጡና «ጋሼ፣ 22 አድርገው ይቦርቡሩልን፤ ኩሽኔታው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው» ይሉኛል። የ608 ኩሽኔታ ውጩ 22፣ ውስጡ 8፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ግን የትኛው 22? ተመትቶ ገብቶ እዚያው እንዲቀር ከሆነ ቀዳዳው ከኩሽኔታው በመቶኛ ሚሊሜትሮች ማነስ አለበት፤ በእጅ ተገፍቶ እንዲገባ ከሆነ ደግሞ ለጥቂት መስፋት አለበት። ይህን በወሬ አልሠራውም። ኩሽኔታውን አጠገቤ አስቀምጬ፣ እየሞከርኩ ነው የምቦረቡረው። ትንሽ የጠበበውን አሰፋዋለሁ፤ የሰፋውን ምን ላድርገው?

አንድ ቡድን የላከው መንገደኛ 608 ቢያጣ 6200 ገዝቶ መጣ። የዚህ ውጩ 30 ነው። ኩሽኔታው የሚገባበት ቁራጭ ወርዱ 35 ብቻ ስለነበር፣ ስናሰፋው በየጎኑ የቀረው 2.5 ሚሊ ሆነ። ከቁርጥራጭ ተቀልጦ የተቀዳ አሉሚኒየም ነበርና መዶሻ ሲነካው ተሰነጠቀ። ባይሰነጠቅም ዋጋ አልነበረውም፤ የ6200 ውስጡ 10 ስለሆነ 8 ሚሊ ሻፍታቸው (የሚሽከረከረው ዘንግ) ሲንኳኳበት ይውል ነበር። ልጆቹ ሊያለቅሱ ደረሱ። ሻይ አዝዤላቸው ሌላ ቁራጭ ፍለጋ ገባን።

ስልክ ላይ የሚሽከረከር ሥዕል ይዛችሁ አትምጡ። ያምራል፣ አይለካም። ወረቀት ላይ፣ በሚሊሜትር፣ ሁሉንም ቀዳዳ ከአንድ ጠርዝ ለክታችሁ ጻፉት። ከቀዳዳ ቀዳዳ እየተቀጠለ ከተለካ የመጀመሪያው ስህተት እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ይከተላችኋል። ኔማ 17 የሚባለው መጠን ስቴፐር ሞተር አራት ብሎኖች መሃል ለመሃል 31 ሚሊ ይራራቃሉ፤ ግማሽ ሚሊ ከሳታችሁ አራተኛው ብሎን አይገባም።

ፌሮ ሻፍት አይሆንም። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምለው የለኝም።

ከቆራሌ የሚገዛው የሾክ አብሶርበር ዘንግ ግን ያታልላል። ቀጥ ያለ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ልጆች ሲያዩት ዓይናቸው ይበራል። ላዩ ክሮም ተለብጦ የጠነከረ ስለሆነ የቶርኖዬን ቢላ ይበላዋል። ከመግዛታችሁ በፊት በሞረድ ሞክሩት፤ ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ፣ ውፍረቱ እንዳለ የሚሆናችሁ ከሆነ ብቻ ውሰዱት።

የመስኮት አሉሚኒየም ትራፊ ለፍሬም ደህና ነው፤ ቀላልና ርካሽ ነው። ችግሩ ግድግዳው ስስ ነው። በ1.5 ሚሊ ውፍረት ላይ የኤም 5 (የ5 ሚሊ ብሎን) ጥርስ ብታወጡ ሁለት ጥርስ እንኳ አይሞላም፤ ገና ሲጠብቅ ይላጣል። ብሎኑን ከዳር እስከ ዳር አሳልፋችሁ በሮንዴላና በዳዶ እሰሩት፤ ስታጠብቁት እንዳይጨፈለቅ ውስጡ በልኩ የተቆረጠ ቱቦ ወይም እንጨት ክተቱበት። በተራ የብረት ኤሌክትሮድ እንዲበየድላችሁ ግን አትለምኑ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2000 በላይ ይፈልጋል፤ ላዩ ሳይቀልጥ ውስጡ ይፈሳል።

ወፍራም ቁራጭ ላይ የኤም 5 ጥርስ ስታስወጡ መብሻው 4.2 ነው። «ኤም 5 ስለሆነ» ብላችሁ በ5 በስታችሁ ከመጣችሁ አልቆጣም፤ 5 የኤም 6 መብሻ ነውና ብሎኑን ቀይረን እንገላገላለን። አሉሚኒየም ላይ ጥርስ ስታወጡ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጉበት።

መብራት ይሄዳል። ማታ አውቶቡስ ትኬት ቆርጣችሁ ጠዋት እኔ ዘንድ አትምጡ።

አዲስ አበባ፣ ምናለሽ ተራ የሚሄድ ሰው ካላችሁ ደግሞ ካሊፐር አስይዙትና እዚያው እየለካ ይግዛ፤ ነጋዴው «12 ነው» ያለውን ብረት ጅማ ደርሶ 11.6 ሆኖ ቢያገኘው 350 ኪሎ ሜትር ተመልሶ የሚቀይርለት የለም።