ሴሊካዋን ሳትሞቅ ድረስባት

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ሄጄ ቀይ ቶዮታ ሴሊካ ገዛሁ፤ ያቺ ዝቅ ያለች ባለሁለት በር የስፖርት መኪና። ያየኋት ቀትር ላይ ነው። ታጥባ፣ ጎማዋ ሳይቀር ተወልውሎ፣ ሞተሯ ሞቆ ጠበቀችኝ። ቁልፉን ነካ ሳደርገው ተነሳች። ሻጩ ሻይ ጋበዘኝ። ደላላው “ከሰዓት ሌላ ሰው ይመጣል” አለ። እኔም ፈረምኩ።

በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ተነሳሁ። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃን ስወርድ እንደ ንጉሥ ነበርኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ሽቅብ ወደ ደጀን ስጀምር የሙቀት መለኪያው ቀስት መውጣት ጀመረ። ከኋላዬ ነጭ ጭስ። ደጀን የገባሁት በአይሱዙ ተጎትቼ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ተጣሟል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል። መካኒኩ ገልብጦ አየውና “ይሄ የቆየ በሽታ ነው፤ ስትገዛት ነበረ” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ መኪና ሳይ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከማየቴ በፊት ማንም እንዳያስነሳት። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። ቀዝቃዛው ግን ሲነሳ ያለበትን ይናገራል።

ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ድረስ። ሰላምታው እንዳለቀ እጅህን ኮፈኑ ላይ አሳርፍ። ከሞቀ፣ ቁርስህን በልተህ ሌላ ቀን ተመለስ። ከቀዘቀዘ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። (የሞቀ ራዲያተር እንዳትከፍት፤ ፊትህን ይቀቅልሃል።) ውስጡ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ብቻ ካየህ ኩላንት (ሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የማያውቅ ሞተር ነው። ዘይት ከሰፈፈበት ደግሞ ደጀን አቀበት ላይ የገጠመኝ ነገር ይጠብቅሃል። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠህ እይ። ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተጋገረበት ውሃና ዘይት ተገናኝተው ሊሆን ይችላል።

አሁን የማወራው እኛ ጋ አልፎ አልፎ ስለምትታየው፣ በፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2006 ስለተሠራችው ስለ መጨረሻዋ ሴሊካ ነው። ሁለት ዓይነት ሞተር አላት። ብዙዎቹ ላይ ያለው አንድ ዜድ ዜድ (1ZZ) የሚባለው 1.8 ሊትር ነው፤ ጉልበቱ 140 ፈረስ ገደማ። ሌላው ሁለት ዜድ ዜድ (2ZZ) ነው፤ ከ6,000 ዙር በላይ ሲሄድ ድምፁ ይለወጣል፣ ልብ ይሰርቃል። ግን ጥሩ ቤንዚን የሚፈልግ ሞተር ነው። ቤንዚን በሰልፍ፣ አንዳንዴም በጀሪካን በሚገኝበት አገር እኔ አልመክርህም።

አንድ ዜድ ዜድ የታወቀ ዓመል አለው፦ ዘይት ይበላል። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት። በፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። ጥላሸት ሲደፍናቸው የዘይቱ ፋሻ፣ ማለትም ዘይቱን የሚጠርገው የፒስተን ቀለበት፣ ይጣበቃል። ከዚያ ዘይቱ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ይቀርና ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎታል፤ አንተ የምታያት ግን የትኛዋ እንደሆነች በአፍ አታውቅም። የዘይት መለኪያ ዘንጉን ራስህ አውጥተህ እይ። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ መልሱ ያ ነው። ማር የመሰለ አዲስ ዘይት እስከ አፉ ተሞልቶ ካገኘህም ጠርጥር። እኔ ሁልጊዜ የኋላውን ዕቃ መጫኛ እከፍታለሁ። ትርፍ ጎማው አጠገብ በግማሽ የቀረ የዘይት ጠርሙስ ካለ፣ ሻጩ ያልነገረኝን ጠርሙሱ ነገረኝ ማለት ነው።

አሁን አስነሳት። አንተ ከኋላ ቁም፣ ጓደኛህ ቁልፉን ያዙር። በጠዋት ብርድ ትንሽ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ቢጠፋ ችግር የለውም። ነጩ ጭስ ካልጠፋ ግን ውሃ ይቃጠላል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ይሄኛው ቀላሉ ነው።

ከዚያ ንዳት። ባሕር ዳር ከሆንክ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውሰዳት። አቀበቱን በአራተኛ ማርሽ ጀምርና ቤንዚኑን እስከ ታች እርገጥ። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው) ይንሸራተታል። ላይ ደርሰህ ስትመለስ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ እግርህን ከቤንዚኑ አንስተህ ውረድ። ታች ስትደርስ አንዴ ረገጥ አድርግና በመስታወት ወደ ኋላ እይ። ሰማያዊ ደመና ከወጣ ያው የዘይቱ ጉዳይ ነው። ይህችን ሙከራ የትኛውም ሻጭ አይወዳትም።

አቅም አነሳት ብለህ ግን ቶሎ አትፍረድ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበት ይቀንሳል። ማርቆስ ላይ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ቢጎድል የመኪናዋ ጥፋት አይደለም።

ሰፊ ሜዳ ስታገኝ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረህ ቀስ ብለህ ክብ ዙር። ቋ ቋ ቋ ካለ የፊት አክስሏ አልቋል። ማርሽ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልስ ቢያንጫጫ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሥራ ይፈልጋል።

አካሏ ላይ እኔ ግትር ነኝ። ላቫጆ ሂድ፣ ፖንቴ (መኪና ከሥር የሚታይበት መወጣጫ) ላይ አውጣትና ከሥር ግባ። መሬት የምትልስ መኪና ናት። በየሰፈሩ ጉብታና በየጉድጓዱ ስትላተም የኖረች ከሆነ የዘይት ቋቷ ተደፍጥጧል፣ ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛዋ) ተበያይዷል። ከበሩ ሥር ባለው ጠርዝና ከኋላ ጎማ በላይ ባለው ቅስት ውስጥ ጣትህን ክተት። የኛ መረሬ ጭቃ እዚያ ገብቶ ይደርቃል፣ እርጥበት ይዞ ብረቱን ከውስጥ ይበላል። ከአውሮፓ የመጣች ከሆነችማ የበረዶ ጨው ቀድሞ ጀምሯት ይሆናል። የማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፍ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ። በብረቱ ላይ ስታስኬደው ድንገት ካልያዘ ከሥሩ ስቱኮ አለ። (የእኔ ማግኔት የባለቤቴ ነው፤ እስካሁን ትጠይቀኛለች።) የኮፈኑን ማጠፊያ ቡሎኖችም እይ። ቀለማቸው ከተፋቀ ተፈትተው ያውቃሉ። ለምን? ጠይቅ።

መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል። ዝናብ መጥረጊያው ከሹፌሩ ፊት ይልቅ የተሳፋሪውን ፊት አሳምሮ የሚጠርግ ከሆነ ጠርጥር፣ ዳሽቦርዱ ሥርም ብየዳ ፈልግ። ሱስታዋን (ጎማው ላይ ያለውን ሞላ) ቆርጠው ያሳጠሯትንስ? እኔ እንደዚያ ያለችውን በነፃም አልወስድ።

የሞተሩ ዕቃ ብዙም አያስጨንቅህ፤ ከኮሮላና ከአቬንሲስ ጋር የሚጋራው አለ። የፊት መብራቷና የኋላ መስታወቷ ግን የራሷ ብቻ ናቸው። የተሰነጠቀ ካለ ዋጋው ላይ አሁኑኑ ተከራከር።

ወረቀት ላይ አጭር ልሁን። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይንህ አስተያይ። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ ጣጣው ያንተ ነው። በቀረጥ ነፃ የገባች መሆኗን ጠይቅ፤ ከሆነች ስም ስታዞር ቀረጡ ይመጣል። የባንክ ዕዳና እገዳም አጣራ። ውልና ማስረጃ ሳትፈርም ሙሉ ገንዘብ አትስጥ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ልጅ “ጋሼ፣ አብረኸኝ እይልኝ” ብሎ ወሰደኝ። ሻጩ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። በር ላይ ስንደርስ ሴሊካዋ እየተንደቀደቀች ነው። “ብርድ ስለሆነ ሞቅ አድርጌ ጠበቅኳችሁ” አሉን፣ በቅንነት።

“አያ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ነገ ብንመለስ ቅር ይልዎታል?” አልኳቸው።

ሳቁ። “መካኒክ አምጥተሃል ለካ” አሉት ልጁን።

በማግስቱ ስንመጣ ግቢው ጸጥ ብሏል። ኮፈኑ ላይ ጤዛ ነበር።