መኪናዋ ነዳጅ ከቀዳችሁ በኋላ መንቀጥቀጥ ከጀመረች፣ ካንዴላ ከመቀየራችሁ በፊት ቤንዚኑን እዩት

ከደሴ ስንመለስ ነው። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ቤንዚን ሊያልቅብን ደረሰ። ማደያው ሰልፍ ነው፣ ሰልፉም አይንቀሳቀስም። ሳይመሽብን ብለን ከመንገድ ዳር 10 ሊትር በጀሪካን ገዛንና ቀጠልን። እስከ ደብረ ሲና ደህና ነበረች። የጣርማ በር ዳገት ሲጀምር ግን ነዳጅ ስሰጣት ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትፈጥንም፣ ከኮፈኑ ስርም ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚናወጥ ያለ ድምፅ ይመጣል። እንደምንም ወጣን።

በማግስቱ አዲስ አበባ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሱትን) ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ቦቢናውን (ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) እንቀይር አለ። ያን ጊዜ ነው ታክሲ የሚነዳ ጎረቤቴ "ቆይ፣ ቤንዚኑን አይታችሁታል?" ያለኝ። ከታንኩ ትንሽ አውጥተን በሻይ ብርጭቆ አስቀመጥነው። ሲያዩት ምንም አይልም። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ስናደርገው ግን የቅባት ክብ ትቶ ቀረ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቀንም አልጠፋም። ላምባ ተቀላቅሎበታል።

ነዳጅ በጠፋ ቁጥር በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠው ይበዛል። ሁሉም ሻጭ ሆን ብሎ ይቀላቅላል ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዴ ጀሪካኑ ትናንት የውሃ ወይም የምግብ ዘይት ስለነበረ ብቻ ነው። ለሞተሩ ግን ያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ መቼ ጀመረ? ደህና የነበረች መኪና ነዳጅ በቀዳችሁበት ቀን፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ከተረበሸች ጥርጣሬው ወደ ቤንዚኑ ይሂድ። ችግሩ ከሳምንታት ጀምሮ ቀስ እያለ የመጣ ከሆነ ግን በነዳጁ አትፍረዱ፤ ያረጀ ካንዴላ፣ የደከመ ፓምፕ ወይም የተዘጋ ፊልትሮ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ በኔ እምነት ዋናው፣ ችግሩ በአንድ ሲሊንደር ነው ወይስ በሁሉም የሚለው ነው። ቤንዚን ለአራቱም ሲሊንደር የሚሄደው ከአንድ ታንክ ነው፤ ከተበላሸ ሁሉንም ይነካል። የቼክ መብራት ከበራ በስካነር አስነብቡት። ፒ 0300 ካለ ሚስፋየሩ (ቤንዚኑ በአግባቡ አለመቀጣጠሉ) በተለያዩ ሲሊንደሮች ላይ እየተዘዋወረ ነው፤ ነዳጅ መመርመር ተገቢ ነው። ፒ 0302 ብቻ ካለ ግን ሁለተኛው ሲሊንደር ብቻ ነው፣ እዚያ ላይ ካንዴላና ቦቢና ቀድሞ ቢታይ ይሻላል። ቦቢናውን ከጎኑ ካለው ሲሊንደር ቦቢና ጋር አቀያይሩት፤ ኮዱ አብሮት ከሄደ ጥፋተኛውን አገኛችሁት፣ አዲስም መግዛት ሳያስፈልግ።

ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ መኪናዋ ራሷ ትናገራለች። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ስለዚህ ታንኩ ስር ይተኛል፤ ፓምፑ የሚስበውም ከስር ነው። መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ጠዋት ስትነሳ ትታነቃለች፣ ትጠፋለች፣ ትንሽ ደህና ትሆንና ደግሞ ታቋርጣለች። ላምባ ሌላ ጠባይ አለው። ከቤንዚን ይልቅ ለመትነን ብዙ ሙቀት ስለሚፈልግ በጠዋት ብርድ አልነሳም ትላለች፣ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጧት የሞተሩ አዟዟር) ይስተካከልና ተሻላት ትላላችሁ። ኦክቴኑም (ሳያንኳኳ የመቃጠል አቅሙ) በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ጭነትና ዳገት ሲመጣ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ያ የጠጠር ድምፅ ማለት ነው። ናፍጣ ከተቀላቀለ ጭሱ ይበዛል። ቆሻሻ ከሆነ ከተማ ውስጥ በዝግታ ስትሄዱ ላይታወቅ ይችላል፤ ፊልትሮው ስለተዘጋ ብዙ ነዳጅ በምትጠይቁበት ዳገት ላይ ነው ጉልበት የምታጣው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሞተርም ለማንኳኳት ይዘገያል። ስለዚህ ኦክቴኑ የወረደ ቤንዚን ከተማ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ይችላል። ወደ አዋሽ ቆላ ስትወርዱ፣ ሙቀቱና ጭነቱ ሲጨመር ድምፁ ይመጣል። ያንን ድምፅ ሰምቶ ዝም ብሎ መርገጥ ፒስተን ያስበላል። ማርሽ ቀንሱ፣ ነዳጅ አሳንሱ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

አሁን ወደ ምርመራው። ናሙና ለማውጣት ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፍ አትሳቡ። ሲደረግ ስላየን ቀላል ይመስለናል እንጂ ትንሽ እንኳ ሳንባ ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። የዋጠ ሰው ካለ አታስመልሱት፣ በቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የእጅ ፓምፕ ተጠቀሙ፣ ካልሆነ መካኒክ ያውጣላችሁ። ኢንጀክተር ባላት መኪና ላይ መስመሩ ግፊት ስላለው ዝም ብሎ አይፈታም። በብዙ ቪትዝና ያሪስ ላይ የኋላው መቀመጫ ሲነሳ የፓምፑ ክዳን ይገኛል፤ ከዚያ ከታንኩ ወለል ማውጣት ይቻላል። ውጭ፣ አየር ባለበት ስሩ። ለማየት ክብሪትም ሻማም አታብሩ፣ ራቅ ብሎ የተያዘ የእጅ ባትሪ ይበቃል።

ንጹህና ደረቅ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉትና ግማሽ ሰዓት ሳትነኩት ይቀመጥ። ውሃ ካለ ስር ላይ ለብቻው ንጣፍ ይሠራል ወይም እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ይታያል። ዝገትና አሸዋም ስር ይወርዳል። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ከዚህ፣ አንድ ጠብታ ከምታምኑት ማደያ ከተቀዳ ቤንዚን ጎን ለጎን አድርጉ። ጥሩው በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ይጠፋል። ላምባ፣ ናፍጣ ወይም ዘይት ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ለወራት ቆማ የነበረች መኪና ከሆነች ሽታውን ልብ በሉ፤ ያረጀ ቤንዚን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል።

ካንዴላውንም ፍቱና እዩ። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። አራቱም በአንድ ላይ ጠቁረው ወይም ረጥበው ከወጡ ችግሩ የጋራ ነው ማለት ነው።

ውሃ ወይም ናፍጣ ከተገኘ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ደጋግማችሁ አታስጩኹት። ባትሪውን ትጨርሳላችሁ፣ የተበላሸውንም ወደ መስመሩ ትገፉታላችሁ። ታንኩ ይገልበጥ፣ የፓምፑ ማጣሪያ ይታጠብ፣ ፊልትሮው ይቀየር፣ ከዚያ ጥሩ ቤንዚን። ላምባው ጥቂት ከሆነና ሞተሩ የማያንኳኳ ከሆነ ከታመነ ማደያ ሞልቶ ማሳሳት ይበቃል። የኔ ግን ብዙ ስለነበረበት ሙሉ በሙሉ አስገለበጥኩት፤ ድምፁ በዚያው ቀን ጠፋ፣ ቦቢናውም እስከ ዛሬ የድሮው ነው። ያወጣችሁትን ቤንዚን የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ አትድፉት፣ ሰፈር ያቃጥላል።

የቀዳችሁት ከማደያ ከነበረ ናሙናውን ክዳን ባለው ጠርሙስ አስቀሩ። በቴሌብር ከከፈላችሁ ቀኑ፣ ሰዓቱና መጠኑ ስልካችሁ ላይ አለ። ሁለቱን ይዛችሁ በዚያው ቀን ተመለሱ፤ ካልሰሟችሁ ንግድ ቢሮ አመልክቱ። ከናንተ በኋላ የቀዱም እዚያው ሊያገኟችሁ ይችላሉ።