የኮኮናት ቃጫን ከመትከል በፊት እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም በሶብላ በባልዲና በአበባ መትከያ ለሚያለማ ሰው የኮኮናት ቃጫ ከአፈር የሚመረጥበት በቂ ምክንያት አለው። ለመሸከም ቀላል ነው፣ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ርሶም እንኳ በውስጡ አየር ስለሚቀር ሥር አይታፈንም። ቃጫው የሚሸጠው ደርቆና ተጨምቆ በጡብ መልክ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ጡቡን ውሃ አጠጥተው ወዲያው ሲተክሉበት ነው። ችግኙ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደህና ይከርምና አዲስ የሚወጣው ቅጠል መጨማደድ፣ የቆየው ደግሞ ቢጫ መሆን ይጀምራል። ባለቤቱ ማዳበሪያ አንሶት ነው ብሎ ይጨምርለታል፤ ተክሉ ይብስበታል። ያነሰው ማዳበሪያ ሳይሆን፣ ከመትከል በፊት መሠራት የነበረበት ሥራ ነው።

ቃጫው የሚገኘው ከኮኮናት ፍሬ ወፍራም የውጭ ልጣጭ ነው። በብዛት የሚመጣው ከህንድና ከስሪላንካ ሲሆን፣ በቆየው አሠራር ልጣጩ እስኪላላ ድረስ ለወራት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። በባሕር ዳርቻ ያ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ነው። ረጅሙ ክር ለገመድና ለምንጣፍ ይወሰዳል፤ ለተክል የሚቀረው ቡናማው ብናኝና አጫጭሩ ክር ነው። ልጣጩ በተፈጥሮው ፖታሲየምና ሶዲየም ይበዛበታል፤ የመዘፍዘፊያው ውሃ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ማሸጊያው ላይ ታጥቦ በካልሲየም መዘጋጀቱ ከተጻፈ ብዙው ሥራ አልቋል ማለት ነው። ካልተጻፈ ግን ጥሬ እንደሆነ ይቁጠሩት።

መጀመሪያ ጡቡን ያፍታቱ

650 ግራም የሚመዝነው ትንሹ ጡብ ሲያብጥ 8 ወይም 9 ሊትር ይሞላል፤ 5 ኪሎው ደግሞ ወደ 70 ሊትር ይደርሳል። ስለዚህ ዕቃውን ሰፋ አድርገው ይምረጡ። ለትንሹ ጡብ 4 ወይም 5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ያፍሱበትና ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ከዚያ በእጅ እየፈረፈሩ መሃሉ ላይ ደረቅ ጓል እንዳይቀር ይፈትሹ። ጓሉ ከቀረ በኋላ የሚደረገው እጥበት ወደ ውስጥ አይገባም። በብረት አካፋ መቆራረጥ ክሩን ስለሚያደቀው ትዕግሥት ይሻላል።

ቀጥሎ ይጠቡት

የረጠበውን ቃጫ በወንፊት ወይም ውሃ በሚያሳልፍ ከረጢት አድርገው ንጹሕ ውሃ ያሳልፉበት። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ የሻይ ቀለም ይኖረዋል፤ ይህ ታኒን የሚባል የልጣጩ የተፈጥሮ ቀለም ነው፣ አያስደነግጥም። ብዙ ሰው ውሃው ሲጠራ ታጥቧል ብሎ ያቆማል። ጨው ግን ቀለም የለውም፤ ጠርቶ የሚወርድ ውሃም ጨው ሊይዝ ይችላል። የኢሲ መለኪያ፣ ማለትም ውሃው ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት ልክ የሟሟውን ጨው መጠን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ካለዎት የቧንቧውን ውሃና ከቃጫው የወረደውን ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ0.3 ሚሊሲመንስ በታች እስኪሆን ማጠቡን ይቀጥሉ። መለኪያ ከሌለዎት ሦስት ጊዜ ዘፍዝፈው ሦስት ጊዜ አጥልሉት። ለዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ይግዙ ብባል የምመርጠው ይህን መለኪያ ነው፤ ኋላም መመገብ ሲጀምሩ ይጠቅማል።

ከዚያ በካልሲየም ይሙሉት

የሚዘለለው ሥራ ይህ ነው። በቃጫው ውስጥ ያለው ጨው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ያለው ሲሆን ሲታጠብ ይሄዳል። ሌላው ግን ከብናኙ ገጽ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠው ፖታሲየምና ሶዲየም ነው፤ ተራ ውሃ የቱንም ያህል ቢፈስበት ብዙም አይነቅለውም። ብናኙ አሉታዊ ኤሌክትሪክ ስላለው አዎንታዊ የሆኑትን ማዕድናት ይስባል፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲያገኝ ደግሞ እነሱን አጥብቆ ይይዝና ፖታሲየሙንና ሶዲየሙን ይለቃል። ይህ ልውውጥ ተክሉ ካለበት በኋላ ከተካሄደ፣ ለተክሉ የሰጡት ካልሲየም ሥሩ ዘንድ ሳይደርስ ቃጫው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቃጫው አስቀድሞ ይጥገብ።

በአንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም ካልሲየም ናይትሬትና ግማሽ ግራም የኤፕሶም ጨው፣ ማለትም ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ይበቃል። ሁለቱን ለየብቻ በባልዲ ውሃ ካሟሟችሁ በኋላ ቀላቅሏቸው። ወፍራም ሆነው ከተገናኙ ጂፕሰም ይሆኑና ነጭ ዝቃጭ ሆነው ከታች ይቀመጣሉ፤ ያኔ ሁለቱም ባከኑ። ውህዱ ቃጫውን እስኪሸፍነው ድረስ አፍስሱበትና ከ8 ሰዓት እስከ አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ፤ በየመሃሉ ማማሰል ይረዳል። ከዚያ አጥልሉትና አንድ ጊዜ ብቻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ጥሬውና ርካሹ ቃጫ ከሆነ ይህንኑ በአዲስ ውህድ መድገም ዋጋ አለው።

ኖራ ወይም ጂፕሰም በቦታው ይተካል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ኖራ ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያውን፣ ከፍ ያደርገዋል፤ ጂፕሰም ደግሞ የሚሟሟው በትንሹና በዝግታ ነው። ካልሲየም ናይትሬት ካልተገኘ ካልሲየምና ማግኒዥየም የያዘ ፈሳሽ ማዳበሪያ በመለያው ልክ በጥብጦ መዘፍዘፍ ይቻላል። ካልሲየም ናይትሬት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑ በደንብ ይዘጋ፣ ሲይዙት ጓንት ያድርጉ፣ ከልጆችም ይራቅ። የተጠለለው ውሃ ሶዲየምና ናይትሬት አለበት፤ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሌላ የተተከለ ዕቃ አያፍስሱት።

መቀላቀልና መሙላት

ለዘር ማብቀያ ቃጫው ብቻውን ይበቃል። ለትልቅ ተክል 70 እጅ ቃጫ ለ30 እጅ ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ነጭና ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ጥሩ መነሻ ነው፤ ውሃ ማጠጣት የሚያበዛ ሰው ፐርላይቱን ከፍ ቢያደርገው አይጎዳም። የፐርላይት ብናኝ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ ከከረጢቱ ሳይወጣ ውሃ ይርጩበት፣ ማስክም ያድርጉ። ዕቃው ከሥሩ ቀዳዳ ሊኖረው ግድ ነው። ሲሞሉ አይጠቅጥቁ፤ ዕቃውን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት መታ መታ ማድረግ በቂ ነው፤ ከጠቀጠቁት ያ ሁሉ አየር ይጠፋል።

ከተከሉ በኋላ

ቃጫው ከፖታሲየም በቀር ይህ ነው የሚባል ምግብ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ እውነተኛ ቅጠሎች ከወጡ ጀምሮ ምግብ በውሃው ይሰጣል። ለችግኝ ኢሲው ከ0.6 እስከ 0.8፣ ፍሬ ለያዘ ቲማቲም ከ2 እስከ 3.5 አካባቢ ይሁን፤ ፒኤቹም ከ5.8 እስከ 6.2 ይጠበቅ። ለአፈር ተብለው የተሠሩ ብዙ ማዳበሪያዎች ካልሲየም የላቸውም፤ መለያውን አንብቡ።

ገጹ ቶሎ ስለሚደርቅ ያታልላል፤ ከታች ግን ርሶ ይሆናል። ዕቃውን ከፍ አድርጎ ክብደቱን መገመት ከጣት ምርመራ ይሻላል። ሲያጠጡ ከሰጡት ውሃ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ከታች እስኪወጣ ይስጡ፤ አለዚያ ጨው እየተጠራቀመ ይሄዳል። የቲማቲሙ ፍሬ ከታች በኩል ከጠቆረ ካልሲየም አልደረሰውም፤ መንስኤው የውሃ መቆራረጥም ሊሆን ስለሚችል ማዳበሪያ ከመጨመርዎ በፊት የማጠጫ ልማድዎን ይመልከቱ። የታችኞቹ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ በጅማቶቹ መሃል ያለው ቢጫ ከሆነ ደግሞ ማግኒዥየም ነው የጎደለው።

ምርቱ ካለቀ በኋላ ቃጫው አይጣልም፤ ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ ሁለት ሦስት ዙር ያገለግላል። ትልልቁን ሥር ለቅመው ያውጡ፣ ይጠቡት፣ በካልሲየሙ ውህድ ደግመው ይዘፍዝፉት። ሥሩ ቡናማ ሆኖ የሚያሟልጭና የሚሸት ከነበረ ግን ያ ቃጫ እንደገና ለመትከያ አይሆንም።