ኮርማ ስትመርጡ ውፍረቱ አይሸውዳችሁ

ለሥጋ ከብት እርባታ ኮርማ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ውፍረቱን እርሱት። ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባው ሰፋ ያለ ኮርማ ዓይን ይገባል፤ ግን ያ የመኖው ሥራ እንጂ የዘሩ ላይሆን ይችላል። መኖ ደግሞ ለጥጃ አይወረስም!

ስለዚህ ሻጩን "ስንት ኪሎ ነው?" ብላችሁ ብቻ አትለፉት። አብረውት በአንድ ሰሞን ተወልደው አንድ ዓይነት መኖ ከበሉት ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው በሉት። 300 ኪሎ ሆኖ እኩዮቹን የሚያስከነዳ ኮርማ፣ 340 ኪሎ ሆኖ በራሱ መንጋ ውስጥ መካከለኛ ከሆነው ሊሻል ይችላል። መዝገብ ካለ ሲወለድና ጡት ሲጥል የነበረውን ክብደት እዩ። ጊደሮች እንዲያጠቃላችሁ (ተሳርሮ እንዲያስረግዝላችሁ) ከሆነ ደግሞ ሲወለድ ግዙፍ የነበረውን ተዉት፣ ምጡ ያስቸግራችኋል።

ከዚያ ከኋላው ቁሙ፣ ራቅ ብላችሁ ታዲያ። ቆለጦቹ እኩል ናቸው? በብዙዎቹ የሥጋ ዝርያዎች እስከ 15 ወር ላለ ኮርማ ሁለቱ አንድ ላይ ሲለኩ ዙሪያቸው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ይሄ ለዘር ፈሳሹ ብቻ አይደለም፤ ቆለጡ ትልቅ የሆነ ኮርማ ሴት ልጆቹም ቶሎ ኮርማ ይፈልጋሉ።

ጠጠር ያለበት መሬት ላይም አስኬዱት። የኋላ እግሩ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ከሆነ ሲያጠቃ መገጣጠሚያው ቶሎ ይጎዳል፣ የሚያነክስ ኮርማ ደግሞ ላም አይከተልም።

አመሉም ይወረሳል። ሰው በረት ሲገባ አጥር የሚገጭ ከሆነ፣ በርካሽ ቢሰጧችሁም ይቅርባችሁ።