የቆርቆሮው ዚንክ ስንት አቶም አለው? መልሱ ሲዛባ የት እንፈልግ?

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት የብዙው ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ብረቱን ከዝገት የሚያድነው በላዩ ያለው ስስ የዚንክ ሽፋን ነው። ለኬሚስትሪ ተማሪ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

1 ካሬ ሜትር፣ አንድ ፊት ብቻ፣ የዚንኩ ውፍረት 20 ማይክሮን (0.002 ሳንቲ ሜትር) እንበል። ይዘቱ 10,000 × 0.002 = 20 ኩብ ሳንቲ ሜትር ነው። በዚንክ ዴንሲቲ በ7.14 ሲባዛ 142.8 ግራም፤ ለዚንክ የአቶም ክብደት ለ65.38 ሲካፈል 2.18 ሞል። ይህን በአቮጋድሮ ቁጥር (በአንድ ሞል ውስጥ ባሉት አቶሞች ብዛት) በ6.022 × 10²³ አባዙት፤ 1.3 × 10²⁴ አቶም ገደማ ይሆናል።

የእናንተ ሌላ ከሆነ ላጲስ አታንሱ። መጀመሪያ በስንት እጥፍ እንደሳተ እዩ፤ ጥፋተኛውን የሚያጋልጠው እሱ ነው።

100 እጥፍ አነሰ። ተጠርጣሪው ሁለት ነው። ወይ ማይክሮኑን ወደ ሜትር ቀይራችሁ ስፋቱን በካሬ ሳንቲ ሜትር ትታችኋል፤ ወይ 1 ካሬ ሜትርን 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብላችኋል። ሁለተኛው ጎበዙንም ይሸውዳል። ጎኑ 100 ስለሆነ ካሬውም 100 ይመስላል፤ ግን 100 በ100 ነው፣ 10,000። መልሱ 10,000 እጥፍ ካነሰ ሁለቱም ተደርበዋል። ሒሳቡን ሳትጀምሩ ሁሉንም ወደ ሳንቲ ሜትር አምጡ፤ 1 ማይክሮን 0.0001 ሳንቲ ሜትር ነው።

10 እጥፍ በለጠ። ካልኩሌተሩ ላይ 6.022 × 10 ብላችሁ «ኤክስፕ» ተጭናችኋል። ቁልፉ 10ን በውስጡ ይዟል። 6.022፣ ኤክስፕ፣ 23 ብቻ በቂ ነው።

ከእጥፍ ትንሽ አለፈ። ለ65.38 ሳይሆን ለ30 አካፍላችኋል። 30 የዚንክ አቶሚክ ቁጥር ነው፤ የሚፈለገው የአቶም ክብደቱ ነው።

ልክ እጥፍ ወይም ግማሽ ሆነ። ቆርቆሮ ሁለት ፊት አለው። ጥያቄው ላይ «ዜድ 275» የሚል የዚንክ ሽፋን ምልክት ካለ ግን በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ያለው 275 ግራም ዚንክ የሁለቱ ፊት ድምር ነው። እንደገና በሁለት ማባዛት የለም።

ከጓደኛችሁ መልስ ጥቂት አነሰ። የቆርቆሮውን ወርድ ከጫፍ ጫፍ በቀጥታ ለክታችሁ ይሆናል። ሲባጎ በሞገዱ ላይ እያስተኛችሁ ለኩት፤ ስፋቱ ይጨምራል።

ለማጣሪያ መልሱን ለ1.6 × 10¹⁹ አካፍሉ። ይህ በ1 ካሬ ሜትር አንድ ንብርብር ላይ የሚደረደሩት የዚንክ አቶሞች ግምት ነው። 80,000 ገደማ ንብርብር ከወጣ ልክ ናችሁ። 8 ከወጣ ወደ ካሬ ሜትሩና ወደ ማይክሮኑ ተመለሱ።