ቂምና ፖለቲካ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች (ከእድራችን ድንኳን ተነስቼ)

ጎንደር ፒያሳ ቡና ይዘህ ቁጭ ብለህ ወሬ ስታዳምጥ፣ ኑሮ ውድነቱም ሹመቱም መንገዱም ተወርቶ ተወርቶ መጨረሻው የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው፣ «እነሱ እኮ እንዲህ አድርገውናል»። እነሱ ማን እንደሆኑ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። እኔም ከተናጋሪዎቹ አንዱ ነኝ፣ ስለዚ እዚህ ልምከራችሁ ብዬ አደለም፣ ራሴ የተሳሳትኩትም አለበት።

1ኛ፦ ብሶትንና ቂምን አንድ ማድረግ

ዋናው ይሄ ነው። ብሶት የተበደለ ሰው ነገር ነው፣ መሬቴ ተወሰደ፣ ልጄ ያለጥፋቱ ታሰረ ይላል፣ የሚፈልገው ይታወቃል፣ መሬቱ ሲመለስ ልጁ ሲፈታ ይበርድለታል። ቂም ግን መሬቱ ተመልሶም አይበርድለትም፣ የወሰደበት ሰውዬ ሲወድቅ ካላየ እንቅልፍ የለውም። ሁለቱን መለየት ከባድ ነው፣ እኔ የምጠቀምባት መለኪያ ግን አለች፣ አንድ ሀሳብ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምንድነው?» ነው ወይስ «ማን አመጣው?»

እድራችን ውስጥ አንድ አባት አሉ። የዛሬ ስንት አመት የድንኳን ኪራይ ብር ጎደለ ተብሎ መቶ ምናምን ሰው በተሰበሰበበት ስማቸው ተነሳ፣ ከፈሉም። በኋላ ሲጣራ የመዝገብ ስህተት ነው፣ ብራቸው ተመለሰ፣ ሁለት የኮሚቴ ሰዎችም ማታ ቤታቸው ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ከዛ ወዲህ ግን ምንም ይቅረብ ምን እሳቸው ተቃውሞ ነው፣ ወንበር እንግዛ ሲባል ተቃውሞ፣ መዋጮ እንጨምር ተቃውሞ፣ እንቀንስም ተብሎ ተቃውመው ያውቃሉ፣ ሁሌ ከኋላ ሆነው «ማነው ያመጣው?» ነው። እኔ ቂመኛ ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ወደሳቸው እመለሳለው።

2ኛ፦ «በቃ እርሳው» ማለት

ይሄን የሚለው ብዙ ጊዜ ያልነካው ሰው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የተባለው በከንቱ አደለም። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጇ ተገድሎባት ለቅሶ መቀመጥ እንኳ የተከለከለች እናትን ሄዶ እርሺው ማለት ሁለተኛ መከልከል ነው።

3ኛ፦ ታሪክን የቂም መዝገብ ማድረግ

እዚህ ላይ የኛ ከተማ ራሷ ትምህርት ናት። አፄ ቴዎድሮስን እንውሰድ። ገና ካሳ ኃይሉ ሳሉ የኮሶ ሻጭ ልጅ ተብለው መሰደባቸው ሁሉም የሚያውቀው ወሬ ነው፣ አንዳንዱ ንግስናቸውን በሙሉ ከዚች ስድብ ሊያወጣው ይሞክራል። ስድቡ ሳያንገበግባቸው አልቀረም፣ ግን የዘመነ መሳፍንትን ትርምስ ማብቃት፣ ደሞዝተኛ ሰራዊት ማሰብ፣ ከካህናቱ ጋር በቤተክርስቲያን መሬት መጋጨት፣ ይሄ ሁሉ ከስድብ አይመጣም። የተሰደበ ሰው ሀሳብም ሊኖረው ይችላል እኮ! አንድን ሰው «ይሄ እኮ ቂም ይዞ ነው» ካልን በኋላ የሚናገረውን ሀሳብ የማንሰማውም በዚሁ ስህተት ነው።

የሚገርመው ግን ሌላው ነው። በ1859 ጎንደርን ያቃጠሉ እኒሁ ንጉስ ናቸው፣ አብያተ ክርስቲያናት ተዘርፈው ተቃጥለዋል፣ መጻህፍቱ ወደ መቅደላ ተጋዙ፣ ከዛም ምርጥ ምርጡን እንግሊዝ ወሰደው። ዛሬ አዘዞ ያለው ኤርፖርት በማን ስም ነው? በሳቸው። ፒያሳ ላይ የቆመውስ ሀውልት? የሳቸው። የሱዳኑ ደርቡሽ ከሀያ ምናምን አመት በኋላ ያቃጠለውን ግን እስከዛሬ ስንተርክ እንውላለን። እኔ ሀውልቱ ይነሳ አላልኩም፣ እንዲያውም እወዳቸዋለው። ያልኩት ከተማ የሚያክል ቃጠሎ እንኳ ማስታወስ ካልፈለግን እንረሳዋለን ነው፣ እንግዲህ «ይሄን ታሪክ መርሳት አንችልም» ብሎ የሚጮህ ሰው ስታይ የቱን መርጦ እንዳስታወሰ ጠይቀው።

4ኛ፦ ብሶትን ለፖለቲከኛ ማከራየት

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፣ የኛ ዘመን ፖለቲከኛ ስራው ግን ሆድ የባሰውን ፈልጎ ማጭድ ማደል ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1919 የቬርሳይ ውል አንቀጽ 231 ላይ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ጥፋት ተሸከሙ ተባሉ፣ ውርደቱ እውነት ነበረ፣ ከ1929 በኋላ የመጣው ስራ አጥነትም እውነት ነበረ። ሂትለር ሁለቱን ወስዶ አንድ ጠላት ሰራላቸው። ስራ የፈታው ሰውዬ የጠየቀው ስራ ነበር፣ የተሰጠው ግን የሚጠላው ጎረቤት ነው።

እኛም ጋ ግንቦት 20 ቀን 1983 ኢህአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ሰራዊቱ በሬዲዮ «ብሶት የወለደው» ሲባል የሰማ ሰው አይረሳውም። ብሶት መንግስት ሊወልድ ይችላል፣ ከተወለደ በኋላ ግን የሌላውን ብሶት መስማት አይወድም። 25 አመት ቆይቶ ሐምሌ 2008 ጎንደር አደባባይ የወጣውን ህዝብ ብዛት ያየ ያውቀዋል። አሁንም ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ቂምህን ሼር እያደረገ ብር የሚሰራ ሞልቷል፣ እሱ ላይ አልቆይም።

5ኛ፦ ስድቡ በአደባባይ፣ ይቅርታው በጓዳ

የድሮ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ገዳዩን በጓሮ በር አስገብተው አልነበረም፣ ድንጋይ አሸክመው ሰው ሁሉ እያየ ነው፣ ካሳውም ተቆርጦ። ደቡብ አፍሪካም የአፓርታይድን ግፍ የሚያጣራውን የእውነትና እርቅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ህዝብ ፊት ነው ያስቻለው፣ በቲቪ በሬዲዮ እየተላለፈ። ካሳው ላይ ግን ተንገዋለሉ፣ ለአንድ ተጎጂ 30,000 ራንድ ለመስጠት የተወሰነው 2003 ላይ ነው፣ እሱም አነሰ ተብሎ ብዙ ቅሬታ ቀርቧል። አደባባዩ ያለካሳ ጎደሎ ነው፣ ካሳውም ያለአደባባይ እንደዛው።

ይሄን ሳስብ ነው እድሩ ትዝ ያለኝ። እኒያ አባት በመቶ ሰው ፊት ሌባ ተብለው ይቅርታ የተጠየቁት በሁለት ሰው፣ ያውም በጨለማ ነው፣ ከመቶው ዘጠና ምናምኑ እስካሁን ሌባ እንደሆኑ ነው የሚያውቀው! ቂም ያልኩት ብሶት ነበር ለካ፣ መልሱ የተሳሳተ ቤት ሄዶ ነው።

ለሊቀመንበሩ ነገርኩት፣ እሱም ሰው ነውና ሳምንት አሰበበትና በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቶ «አያ፣ ያን ጊዜ እኛ ነን የተሳሳትነው፣ ሁላችሁም ስሙልኝ» አለ። እሳቸው ምንም አላሉም፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ቀጥሎ አዲስ ድንኳን እንግዛ የሚል አጀንዳ ነበረ፣ እጃቸውን አወጡ፣ ሁላችንም ያው ልማዳቸው ነው ብለን ስንጠብቅ «ስንት ነው ዋጋው?» አሉ። ተነገራቸው። ውድ ነው ብለው ተቃወሙ።

ገበያ ወርደን ስናጣራ፣ እውነትም ውድ ነበር።